ወለል

ከባቲ የመጣ ልጅ፣ የሰባት ቀን ጨቅላ፣
ከግርዛቱ የተረፈች፣ ከጥፍሬ ያነሰች ገላ፤
ደሴ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣
በሮዝ ውኃ ተነክራ፣ በሙቅ ሣጥን ስትከፋፈል፣
አንዷ ሁለት፣ ሁለቷ አራት፣ እያለች ስትበዛ፣
ሳህኑን ሞላችው፣ እንደ መስከረም ጤዛ።

ደስ አለኝ። ቆዳ ሆነች ብዬ፣ በወረንጦ ባነሣት፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠች፣ ነፋስ እንኳ ሳይነካት።
ምን ጎደላት? ሴሏ ጤና፣ ምግቧ ሙሉ፣
እጄም ንጹሕ፤ ግን ከሥሯ ባዶ ነው ሁሉ።
የምትቆምበት የለም። ፕላስቲክ ብቻ።

በዚያው ሰሞን ነው፣ ከጦሳ ሥር፣
የነዘነቡ ቤት በሌሊት የተንሸራተተው እስከ አጥር።
ግንበኛው ይመር መጣ፤ ፍርስራሹን በእግሩ ነካ፤
«ግድግዳው ምን ያድርግ?» አለ፤
«ተራራ ላይ ተቀምጦ፣ ከተራራው ሳይተዋወቅ ኖሯል ለካ።»

ቃሉን በኪሴ ይዤ፣ ወደ ሳህኔ ተመለስኩ፣
ለላዮቹ ሴሎች፣ የታች ጎረቤት ፈለግኩ፤
ከዚያችው ቁራጭ፣ ከጥልቁ፣ ቀጫጭን ሴሎች አሉ፣
ገመድ የሚገምዱ፣ ድር የሚያደሩ፣ ሳያርፉ የሚውሉ።
እነሱን ከሥር፣ በዝልግልግ አልጋ አስተኛሁ፣
የላዮቹን ዘርቼ፣ ሎሚ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ጠብ አደረግሁ፤
ያለ እሱ ገመዱ የረጠበ ገለባ ነው።

አምስተኛው ቀን፣ ምንም።
መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ እያሳለ እስኪነሣ፣ ሣጥኑን ታቅፌ አልተኛሁም።
ስምንተኛው ቀን፣ እዚህ ነጥብ፣ እዚያ ነጥብ፤
አንዷ ሴል እግሯን ተክላ፣ ሌላዋ ገና ስታስብ።
በአሥራ አራተኛው አቀለምኩት፤ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ፣
ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አስጠጋሁ፣ ትንፋሼን አፍኜ፤

አረንጓዴ መስመር። ከፀጉር የቀጠነ፣
ከላይና ከታች መካከል፣ ያልነበረ የሆነ።

ማን አነጠፈው? እኔ አይደለሁም።
ይመርም ድንጋይ አላቀበለ፤ ሲሚንቶ አልገባም።
የላዮቹ ከሆዳቸው አወጡ፣ የታቾቹ ክር ላኩ፣
መሃል ላይ ተገናኝተው፣ በጨለማ ተነካኩ፤
ሊቆሙበት የሚገባውን፣ ገና ሳይቆሙ ሸመኑት፣
ሸምነው ሲጨርሱ፣ ያኔ ረግጠው ቆሙበት።

በወረንጦ ሳብኩ። አልተላጠም።
ደግሜ ሳብኩ፤ ሳህኑ አብሮ ተነሣ እንጂ፣ እሱስ አልለቀቀም።

ዶክተር ሐዋ ጠየቀችኝ፦ «የቦይለሩ ሙሄ፣ ጀርባው ይሸፈናል?»
«የአንድ ብር ሳንቲም ታክላለች» አልኳት፤ «ገና ይቀረናል።»

ማታ በነዘነቡ በኩል ሳልፍ፣ ይመር ረጅም ረጅሙን ድንጋይ
ወደ ተራራው ሆድ ያስገባል፣ ከውጭ ጫፉ ብቻ እስኪታይ።