ከዜሮ በታች ሰማንያ

አሳንሰሩ ዛሬም ቆሟል፤
ጋሽ ዘርጋው አራቱን ፎቅ በእግሩ፣ በባዶ ሆዱ መጥቷል።
የሎተሪ ሰሌዳውን ከደረቱ ፈቶ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፣
እጅጌውን ሰብስቦ "ሲስተር ትርሲት፣ ደሜ ዛሬ ምን አለ?" ይላል።
ወረቀቴ ላይ ስም የለውም፤ ዜሮ አርባ ሰባት ነው፤
ደም ስሩ የት እንደሚደበቅ ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ዓምና የፈቃድ ቅጹን አንብቤ፣
ግማሹ ሰው መድኃኒት፣ ግማሹ ባዶ እንክብል እንደሚደርሰው ስነግረው፣
ዕጣውን ኮምፒውተር እንደሚያወጣ፣
እኔም ሆንኩ ሐኪሙ ማን የቱን እንደያዘ እንደማናውቀው፣
ሳቀ፤ ጥርሱን ሳይሆን ሆዱን አሳቀው።
"ሠላሳ ዓመት ዕጣ ስሸጥ ለራሴ አንዲት ቆርጬ አላውቅም፤
እናንተ ከቆረጣችሁልኝ፣ እንቢ አልልም።"
ፈረመ። አራት ፊደል፤ የመጨረሻዋ ከመስመሩ አምልጣ
ቁልቁል ሄደች፣ በቸርችል ወደ ለገሃር እንደምትወርድ አውቶቡስ፣ ፍሬን አጥታ።

የጣት ደም ወሬኛ ነው፤ የትናንትን ማታ ብቻ ያወራል፤
የክንድ ደም ግን ቂመኛ ነው፤ ሦስት ወር ይቆጥራል።
ቀይዋ ሴል ላይ ስኳር ይጣበቃል፣ እንደ ክረምት ጭቃ በጫማ፤
እስክትሞት ተሸክማው ትዞራለች በዚያች ጠባብ ከተማ።
ለዚህ ነው ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ለስላሳ የሚተው ሁሉ፣
ጣቱ ቢያማልድለትም፣ ክንዱ የሚያጋልጠው በሙሉ።

ሲጀምር ስምንት ነጥብ ዘጠኝ። በሦስተኛው ወር ስምንት።
በስድስተኛው ሰባት ነጥብ አራት።
"ደረሰው" አልኩ በልቤ። ለማንም አልተናገርኩም።
ቀን ሙሉ ከጊዮርጊስ እስከ ፖስታ ቤት፣ ከፖስታ ቤት እስከ ጊዮርጊስ
"ነገ የሚወጣ! ነገ!" እያለ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ፣
እኔ እንክብሉን ነበር የማመሰግነው።
ያን ዕለት ከኪሱ የቆሎ ቋጠሮውን ፈታ፣
ከሰሌዳው አንዲት ትኬት ገነጠለ፦ "ለእጅሽ ቅልጥፍና።"
ደንቡ ስጦታ አይፈቅድም አልኩት፤ መለስኩለት።
ቁጥሩን ሳላየው።
እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘጠነኛው ወር፦ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት።
ጠርሙሱን ገለበጥኩ፤ አንድም ፍሬ አልተረፈም።
ገጽ ስድስትን ገለጥኩ። ማቅለሽለሽ? "የለም።"
ራስ ምታት? "የለም።"
እንቅልፍ ማጣት?
ዝም አለ። የሰሌዳውን ገመድ በጣቱ ጠመዘዘ።
"ያጣሁትስ ቤት ነው፣ ሲስተር፤ እንቅልፉ ተከትሎት ሄደ።
ሠፈራችን ፈርሷል። ተነሺ ይሉናል፤
ከተነሣን ወዲህ ግን ቁጭ ብለናል።
አዲሱ ቤት ሦስት ታክሲ ነው። እዚያ ወጥቼ ለማን ልጩህ?
ሜዳ ዕጣ አይቆርጥ።"

ቅጹ ለዚህ ሳጥን የለውም።
"ሌላ ካለ ይገለጽ" የምትል፣ ጣት የማታህል መስመር አለች፤
"ቤት" ብዬ ጻፍኩባት፤ ሞላች።
ተቆጣጣሪው ሲመጣ ከጎኗ በቀይ እስክሪብቶ፦
"ከመድኃኒቱ ጋር አይገናኝም።"

በዓመቱ አልመጣም። ስልኩ አይነሣም።
መዝገቡ "ከክትትል የጠፋ" አለው።
ፖስታው ተከፍቶ ዝርዝሩ ሲነበብ፣ ለዜሮ አርባ ሰባት
የደረሰው ባዶው ነበር።
ታዲያ ያ ሰባት ነጥብ አራት ከየት መጣ?
ማንን ልጠይቅ? ዳገቱን?

ደሙ ግን እዚህ አለ፤
ከዜሮ በታች ሰማንያ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ አራት ብልቃጥ፣
በእያንዳንዱ ውስጥ የሦስት ወር ፒያሳ እንደረጋ።
መብራት ሲጠፋ ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ እኔ ወደ ማቀዝቀዣው እሮጣለሁ፤
መዳፌን በሩ ላይ አሳርፌ፣ በጨለማ እቆጥራለሁ፦
ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት…
ከታች ጄኔሬተሩ ሁለቴ ያስነጥሳል፤
ይነሣል።
ጋሽ ዘርጋው ግን ከዚህ አይነሣም።