ደመወዝ

ይህን ፎቅ አውቀዋለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት
በመወልወያ ጻፍኩበት፣ ሳይነበብ የሚደርቅ ድርሰት።
ዛሬ በጀርባዬ ተኝቼ ሳየው ነው የገባኝ፤
ጣራውም እድፍ አለው። ያኔ ማን ቀና አስባለኝ?

በእጄ አንጓ ላይ «ኦርና» ብለው አስረውልኛል፤
እናቴ አንጓች ነበር ያለችኝ። ይሁን፣ ለሁለቱም አቤት እላለሁ።

«ጉልበቴ አለቀ» ብል ለሐኪሙ፣
ልጄ ዝም አለች፤ በዕብራይስጥ ሁለት ነው ትርጉሙ፣
አንዱ የሚታጠፍ፣ አንዱ የሚያልቅ።
የሚታጠፈውን ነገረችው።
ዶክተር ኑኒም ያንኑ አውጥቶ ብረት ተካልኝ፤
ስለሚያልቀው ማንም አልጠየቀኝ።

ከፋሻው ሥር ቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣
ጠርሙስ ካልጋዬ ጎን ተንጠልጥሎ
ይጠባኛል እንደ ጨቅላ፣
ጠብ፣
ጠብ።

እናቴ ይህን ብታይ!
እኛ ደም ሲመጣ ከቤት ወጥተን፣
ከድንጋዩ ክብ ውስጥ፣ መርገም ጎጆ ገብተን፣
ምግብ እንኳ ከሩቅ ተቀምጦልን፤
የእኔው እዚህ ለጠያቂ ሁሉ ተሰቅሏል።
የልጅ ልጄ ሊራን ፎቶ አነሳው።

ማታ ሩላ ትመጣለች፣ የናዝሬቷ ነርስ፣
በባትሪ መስመሩን አይታ፣ ጎንበስ፣
«መቶ ሰማንያ» ብላ ትጽፋለች።
ገና እንደ መጣን ክንዴን ዘርግቼ ለግሼ ነበር፤
የት እንደ ተደፋ ከሬዲዮ ሰማሁ፣ ከሰው ሁሉ ጋር።
ይቺ ግን ትለካለች።
ጠብታ ሳታልፍ ትለካለች።

ከጎኔ ራሼል ተኝታለች፣ የሚግዳል ሃዔሜቋ፤
እሷም ጉልበት፣ እሷም በዚያው ቀን፣
ግን ቱቦ የላትም። የእሷ ሐኪም ወጣት ነው፣
«ይሄ የድሮ ነው፤ ሰውነት የራሱን ራሱ ይመጠዋል» ይላል።
ኑኒ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ፣
«እኔ የማምነው ያየሁትን ነው» ይላል።
እነሱ በእግራችን ላይ ሲሟገቱ
እኛ አንድ ብርቱካን ተካፈልን።
የእሷም አበጠ፣ የእኔም አበጠ፤
የእሷም ጠቆረ፣ የእኔም፤
ሌሊት ማን የበለጠ እንዳቃሰተ
ያየ የለም።

በማግስቱ ሩላ «ትንፋሽሽን ያዢ» አለችኝና ሳበችው፣
ከውስጤ ረጅም ክር የተመዘዘ መሰለኝ።
ጠርሙሱን ይዛ ስትሄድ፣ «የት ትደፊዋለሽ?» አልኳት።
የጠየቃት ሰው የለም መሰል፣ ቆመች።
እኔ ግን አውቃለሁ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ፣
ያንን ገንዳ ስፈትግ ነው የኖርኩት።

በቋንቋችን የወር ክፍያ ደምና ወዝ ነው፤
በኔ ወረቀት ላይ ሰዓት ብቻ ነበር የተጻፈው።
ወዙ ወለሉ ላይ ቀረ፤
ደሙ፣ ሦስት መቶ አርባ፣ በሩላ እጅ ጽሑፍ።

ከቀትር በኋላ አዲሷ ጽዳት ገባች፣ ልጅ እግር፣
አንገቷን ደፍታ፣ ባልጋዎቹ ሥር።
ከጠርሙሱ ቦታ አንዲት ጠብታ ወድቃ ደርቃለች፤
ሁለቴ ብትፈትጋት አልለቅ አለች።
ኢዶ ፊዚዮቴራፒስቱ ጧት ሙሉ ለምኖኝ
ከአንሶላው ያላላቀቅኩትን እግር
ጥርሴን ነክሼ አነሳሁላት፣
መወልወያው እንዲያልፍ።