በግምት

ማሪቴስ ናት ክንዴን አስራ የቀዳችኝ፣
"ጉንዳን ነው፣ አለቀ" ብላ ያባበለችኝ።
አንዲት ብልቃጥ ደም፣ ክዳኗ ወርቃማ፤
ውጭ ዊኒፔግ ናት፣ ከነውርጯ ቆማ።

ሳምንት ሳይሞላ ወረቀቱ መጣ፤
ክሪያቲኒኔ መቶ ሃያ አራት ወጣ።
"ይሄ የጡንቻ ጥራጊ ነው" አለ ዶክተር ፍሪዘን፣
"ኩላሊት ጠርጎ የሚጥለው፤ ደም ውስጥ ሲከማች ግን
ጠራጊው ሳይደክም አልቀረም።"
ገባኝ።
እኔም የትምህርት ቤት ወለል ጠራጊ ነኝ፤
ደክሞኝ ያደርኩ ሌሊት፣ እኔ ባልናገር፣
ኮሪደሩ ያሳብቃል፣ ጠዋት በሩ ሲበረገር።

"ታዲያ ምን ያህል ደክሟል?"
"እሱን አንለካውም፣ እንገምተዋለን።
ለቀመሩ ጥራጊውን እንነግረዋለን፣
ወንድ መሆንህን፣
ከዚያ ዕድሜህን።"

ስልሳ ሦስት ይላል መታወቂያዬ፤
ጃንዋሪ አንድ ነው መወለጃዬ።
ሳቄ መጣ።
ጃንዋሪ አንድ እኮ፣ በሸገራብ ድንኳን፣
የስንቱ ልደት ነው! ተሰልፈን ሳለን
ጸሐፊው ጢሜን አየ፣ አቧራ ያለበሰውን፤
ሽበት መስሎት ጻፈ ያሻውን።
አሥር ዓመት ጨመረልኝ፣ በአንዲት ጭረት፤
ዝም አልኩ፤ ዓይኔ ያለው የራሽን ካርዱ ላይ፣ ስሜ የሰፈረበት።

እናቴ ግን ትለኝ ነበር፦
"የወለድኩህ ድልድዩን ጎርፍ በወሰደው ክረምት፣
አዋላጇ ማዶ ቀርታ።"
ይህንንም ነገርኩት።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
ከድልድዩ ወዲህ ቆጠርን፤ ሃምሳ ሦስት ሆንኩ።
ሁለቴ ሠራው።
በጸሐፊው ዕድሜ፣ ሃምሳ ስድስት።
በእናቴ ድልድይ፣ ስልሳ።
ስልሳ ደፍ ነው አሉ፤ ከሱ በታች የወረደ ስም ይወጣለታል።
ከወንበሬ ሳልነሳ
አንዴ ታመምኩ፣ አንዴ ዳንኩ።

ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን
አንድዬ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤
አሁን ማሽኑም ገባበት።
እሱ ግን "በግምት" ይላል፤
ይህችን ትሕትናውን ወደድኩለት።

"ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ" አለኝ፣ "ሽንትህንም እናያለን፤
አንድ ቁጥር አይፈርድም።
ወገብህን ሲያምህ ግን ያቺን ኢቡፕሮፌን ተዋት።"
ተዋት!
መጥረጊያዬን አቁሜ፣ በየሌሊቱ፣ ስንት ዓመት የዋጥኳት።

ስወጣ መስኮቱ ጋ ቀጠሮ የምትጽፈው ልጅ
"የልደት ቀን?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።
አሰብኩ።
ከኋላዬ ሰልፍ አለ።