የውል እድሳት

ጅማ፣ ሂርማታ ላይ፣ ቡና ሲያጣ ዋጋ፣
ደጄ ላይ ይረዝማል ሰልፉ ሲነጋጋ፤
ሲወደድ ማንም የለም፤ ወንበሩና እኔ፣
ሚዛኑ አቧራ ለብሶ፣ ማኅተሙ ከጎኔ።

ቁመት እለካለሁ፣ ኪሎ እጽፋለሁ፣
«ለምን መጣህ?» የሚለውን ባዶ አልፈዋለሁ፤
መልሱን ከሬዲዮ ጧት ሰምቼዋለሁ።

ዛሬ ግን ሙዘይን መጣ ለሁለተኛ፣
ሰባት ዓመት ሞልቶት፣ ግራ እግሩ ዳተኛ።
«ብትፈርም» አልኩት፣ «ማበረታቻ አለ፤
ግማሹ ዛሬ ነው፤ ግማሹ ለዓመት፣ ሰው ካለ።»

እስክሪብቶ ተዋሰኝ፤ መዳፉ ላይ ጻፈ፣
የፈቲያን ወሊድ፣ ኪራይና ዕቁብ አሳለፈ፤
የተረፈው ለባጃጅ፦ ሲደመር፣ ሲቀነስ፣
ሁለት ጎማ ሆነ።
ሦስተኛዋን ሲያስብ፣ አየሁት ጉልበቱን ሲዳብስ።

መሳቢያዬ ውስጥ ግን፣ ከዞን የወረደ
አንድ ወረቀት አለ፣ እሱ ዘንድ ያልሄደ፦
«ሦስት ምልምል ከማሠልጠን አንድ ነባር ይረክሳል።»
ቢያውቅ ይከራከራል፤ ዋጋ ያስነሳል።

አላወቀም። ዝም አልኩ፤ እኔም ኮታ አለብኝ።
«ቡና ዛሬ ስንት ዋለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጨምሮ ነው ያደረው።

ማኅተሙን እፍ አልኩት፣ እንዲረጥብ ቀለሙ፤
ከሥር ክፍት ነው ቦታው፣ ለጣቱና ለስሙ።