ግራ ጥርስ

ከቃሊቲ ማሰልጠኛ አለፍ ብሎ፣ ከጭቃው መንገድ ማዶ፣
በአራት ግንድ ላይ ቆማለች፤ ጎማ የላት፣ ጋቢናዋም ባዶ፤
የአባቴ ኤንትሬ።
አሥራ አራት ክረምት ዘንቦባት፣ ወንበሯን ዶሮ ወርሶት፣
ስሙን ያስጻፈበትን ፓራውልት ፊደል በፊደል ዝገት ልሶት።

ቁራሌው ሚዛን ይዞ መጣ፤ ዞረ፣ ረገጣት፣ አያት፤
"ብረቷ በኪሎ፣ አክስሏ ለብቻው" ብሎ ለሁለት ከፈላት።
ለካ የኋላ አክስሏን የሚሻ የውሃ ቦቴ ባለቤት ኖሯል፤
"ሳይቆረጥ፣ ሳይሰነጠቅ፣ በነፍሱ ይውጣልኝ" ብሏል።

ጋሽ ዘርጋው መጣ፤ የመነጽሩ እግር በክር የታሰረ፣
ከአባቴ ጋር አሰብ ድረስ ክሪክ ሲያቀብል የኖረ።
መዳፉን ታምቡሩ ላይ አሳርፎ ጥቂት ዝም አለ፤
ፈቀፈቀ፣ በምላሱ ቀመሰ፣ "ዝገት ብቻ አይደለም" አለ።
"የዶቢ ጨው ነው። ስንቴ ነገርኩት፣ 'ስትመለስ እጠባት!'
አባትሽ መች ሰው ይሰማል? ነፍስ ይማር፣ ችኩል ነበር፤
አጥብቆ ማሰር ግን ያውቅበት።"

የመጀመሪያውን ቀን ናፍታ አጠጣነው፤ "ይደር፣ ይጥገብ" አልን።
በነጋታው ቁልፍ አጥልቀን፣ ቧንቧ ሰክተን ተንጠለጠልን፤
እኔ፣ ዘርጋውና ረዳቱ ሙኒር፣ ሦስት ሰው ባንድ ቧንቧ ላይ።
ቧንቧው ጎበጠ። ዳዶው ንቅንቅ የለ፤ እንዳላወቀን፣ እንዳላየ መሳይ።

ሙኒር በማርቴሎ ሲወርድበት የፋብሪካው ግንብ መለሰ፤
ስካርፔሎው አፉ ታጠፈ፣ የኔም መዳፍ ተላጠ፣ ደም ፈሰሰ።
ኦክስጂን በሰዓት ተከራይተን ዳዶውን እንደ ፍም አቀላን፤
የጎረቤት ጋራዥ ምሳውን ትቶ መጥቶ ምክር አበላን፦
"ኮካ አፍሱበት።" "በረዶ።" "ጠበል።" "ቁረጡት፣ ምን አለፋችሁ?"
ዘርጋው ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ "አንዴ ዝም በሉ፣ ባካችሁ።"

አባቴን እኮ ካህናቱ ባንድ ጠዋት ፈተውት ነበር፤
ከዚያ አፈር፣ ከዚያ ድንኳን፣ ከዚያ የእድር ወንበር።
እጁ ያጠበቃትን አንዲት ዳዶ ግን ይኸው ሦስት ቀን ለፋን።
ለነፍስ የበቃው ፍታት ለብረት አልደረሰ፤
"ጋሼ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "ግራ ገባን።"

ዘርጋው ብድግ ሲል ግንባሩን ከባሌስትራው አጋጨ።
ሳቀ፣ ወይ አለቀሰ እንጃ፤ ናፍታ የነካው ፊት አይለይም።
"ምን አልሽ? በየት በኩል ነው ያለነው?"
"በሾፌሩ በኩል።"
"ግራ ነው በይኛ!
ግራ ጥርስ ነው፣ የኔ ልጅ! ሦስት ቀን ሙሉ ስናጠብቅ ነበር እኛ!"

ማንም አልተናገረም።
ሙኒር ቧንቧውን አዙሮ ሰካ፤ እስከዛሬ ወደሸሸነው ወገን ተጫንን፤
ቋ!
አንድ ውሻ ከሥር ተነስቶ ሮጠ።
ሩብ ዙር። ደሞ ሩብ። ከዚያ እያቃሰተ፣ ቀይ ዱቄት እየተፋ፣
ዳዶው እጄ ላይ ወደቀ፤ ትኩስ፣ ከባድ፣ እንደ ተኛ ሕፃን።

ተፈታ ማለት ግን ወጣ ማለት አይደለም፤ ታምቡሩ ሁለት ቀን በላን፣
የኩሽኔታው ቀለበት ደግሞ በግማሽ ሚሊ እየተለመነ መጣልን።
ከቀለበቱ ሥር አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ፣ በመቀስ የተቆረጠ፤
በቤንዚን ሳጥበው የቲማቲም ድልህ ሥዕል ከግራሶው ውስጥ አፈጠጠ።
"ይሄ ሰውዬ!" አለ ዘርጋው። "ኩሽኔታው ሲላላበት፣ በረሃ ላይ፣
እራቱን በልቶ በጣሳው ጠገነው። ሄደ እኮ! ይኸው እስከዚህ።"

ቦቴውም ያለሷ አይሄድም፤ አክስሉ ይንገጫገጫል።
ከሱቅ አንድ ጣሳ ድልህ ገዛሁ፤ ሙኒር በዳቦ ጨረሰው።
ባሮጌው ልክ አዲስ ቆረጥኩና ለገዢው ሰጠሁት፤
የሱን ኪሴ ከተትኩት፤ እስካሁን ሱሪዬን ይወጋል።

ሲመሽ ዘርጋው ጠመኔ አንስቶ ታምቡሩ ላይ "ግ" ብሎ ጻፈ።
የቀኙ ጎን ገና አልተነካም።
"እሱ ነገ" አለ፣ "እሱ እንደ ሰው ይፈታል፤" ትንሽ አሰበና፣
"አባትሽ ካልቀያየረው።"