ወናፍ

ማንኮራፋትህ ሲቆም እነቃለሁ እኔ፣
መዳፌ ደረትህ ላይ፣ ተጋድሜ በጎኔ፤
አንድ… ሰባት… ሃያ ሁለት… ትንፋሽህ የት ሄደ?
ሃያ ስምንት ላይ፣ ግድብ እንደጣሰ ጎርፍ፣ ጮኾ ወረደ።

አፉላ ሆስፒታል፣ ኢሪና ሽቦውን ከራስህ እየነቀለች፣
«በሰዓት አርባ ጊዜ ይታነቃል» አለች።
አርባ!
እኔ መንቀጥቀጥህን ነበር የምጠብቀው፤
እጅህን እንጂ ጉሮሮህን መቼ ነበር የማውቀው?

ሳጥኗን ሰጡን፣ ቱቦና ጭንብል ጨምረው።
«ደግሞ ጭንብል?» አልክ፤ «ያ የሚሳይሉ ክረምት አላለቀም እንዴ?
የታሸገው ክፍል፣ የጎማው ሽታ…» ሳቅሁ፣ እየባባ ሆዴ።
አንተም ስቀህ ይሆናል። በሽታው ፊትህን አስሮታል፤
ካሰረው ቆይቷል።

ሦስት ሌሊት ነቅለህ ጣልከው።
በአራተኛው ማሰሪያውን ራስህ ልታገናኝ፣
ጣትህ ሲስት፣ ደግሞ ሲስት… «ተይኝ» አልከኝ።
አልተውኩህም።
አየር እንዳያፈተልክ ጺምህን ላጨሁ፣
ክኒንህን አዋጥኩህ፣ ማሰሪያውን ከጆሮህ በላይ ሳብኩ፣
ቁልፉን ተጫንኩ።

ስማ ታምያት፣ ይህን ድምፅ አታውቀውም ወይ?
የአባትህ ወናፍ አይደለም ወይ?
ሁለቱን ስልቻ ተራ በተራ ስትጫን፣ ማረሻው እስኪግል ድረስ፣
ያኔ እጅህ ነበር ነፋስ።
አሁን ይህች ሳጥን ትንፋ፤
አንተ ፍም ሁን፤ ዕረፍ፣ ተንፍስ።

ሲነጋ እጅህ እንደ ወትሮው ሻዩን ደፋ፤
እሱን አልፈወሰም። ግን ዓይንህ፣ ወንበሩ ላይ፣ አላንቀላፋ።
እኔማ ከልማዴ ቁጥር ጀምሬ፣
አራት ብዬ… ከዚያ ወዲያ አላስታውስም እስከ ዛሬ።