አፍ የሰጠሁት ባቡር

ሥራዬ ሌሊት ነው። ከተማው ሲተኛ
እኔ የጉጠት ወዳጅ፣ የመሰላል ጓደኛ፣
ከልደታ ጀምሬ እስከ ስታዲየም ድረስ
የላላውን ስወጥር፣ ጥላሸቱን ሳብስ፣
ጎህ ሲቀድ እገባለሁ፣ እጄ ቅባት ሸትቶ፣
ዓይኔ አሸዋ እንደገባው ደም መስሎ ቀልቶ።
ሶልያና በር ላይ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው።
«ባባ፣ መብረቄ ዛሬስ ምንድን ነው ያለው?»

መብረቄን የፈጠርኩት መብራት የጠፋ ለት፣
ልጄ ጨለማ ፈርታ ያለቀሰች ሌሊት።
የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ቤቱ ሻማ የሌለው፣
ምን ላብራ? አፌን ለኮስኩ፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።
«አንድ ባቡር ነበረ፣ ከሰል ሲያቀርቡለት
‹ጾም ነኝ› የሚል፣ አፍንጫ የሚይዝ ናፍጣ የሸተተው ዕለት፤
መብረቅ ብቻ የሚጠጣ፣ በቀጭን ሽቦ፣ ከላይ፣
እንደ ጡጦ እየጠባ፣ አንጋጦ ወደ ሰማይ።»

እንዲያ ተወለደ። ከዚያ ማን ይቻለው!
ሜክሲኮ ላይ ታክሲውን «ሰማያዊ ቆርቆሮ!» አለው፤
ታክሲው ረዳቱን ልኮ «ውረድና ይዋጣልን» ሲል፣
«ሐዲዴን ጥዬ ልውረድ? ሰው ሰምቶ ምን ይል!»
የለገሃርን ሐውልት፦ «ሰላም ስልህ፣ ሳልረሳ፣
አንዴም አግስተህ አላውቅ፤ ጉንፋን ነው ወይ፣ አያ አንበሳ?»
ግቢው ውስጥ የዛጉ የጥንት ባቡሮች ነበሩ፣
ፈረንሳይኛ በአማርኛ እየቀየጡ የሚያወሩ።
«እኛ ከሰል በላን፣ ልጄ፣ ጅቡቲን አየን፣ ባሕሩን፤
አንተስ?» አሉት። «እኔማ» አለ፣ «አየሁ የጠዋት ሰልፉን፤
ሁለት መቶ ሰው በሆዴ፣ ሁሉም የረፈደበት፤
ባሕርስ ቢሆን ከዚህ ሌላ ምን ማዕበል አለበት?»

እውነቱን ከተናዘዝኩ፣ ወሬው የእኔ አይደለም፤
ጎህ ላይ ኃይል ሲለቀቅበት ሽቦው ዝም አይልም፤
ያፏጫል፣ ያንጎራጉራል፤ ዝናብ የነካው እንደሆን
ያጉረመርማል፣ እንደ ሽማግሌ፣ ነፍገውት ጮማውን።
እሱን ነው ይዤ የምገባው። ከዚያ ተረቱ ሲያልቅ
ጫማዬን ሳልፈታ ፍራሽ ላይ ዘፍ፣ ውድቅ፤
የሚሰማኝ የእናቷ ሹክሹክታ ነው፣ ከሩቅ።

አንድ እሁድ ግን «አሳየኝ» አለች፣ «እውነተኛውን።»
እምቢ አይባል። ለበሰች የልደት ቀሚሷን።
ስታዲየም ጣቢያ ቆምን፤ ሁለት ቲኬት ቆረጥኩ፤
የተነቃበት ሌባ መስዬ ተንቀጠቀጥኩ።

መጣ።
መጣ እውነተኛው፣ መቶ አሥራ ሁለት ቁጥሩ፣
አንዱ በር አይከፈት፣ በሽቦ ነው መታሰሩ፤
መስኮቱ የተሰነጠቀ፣ ግንባሩ የተላጠ፣
ሰው ተጭኖበት፣ ወገቡ እንደ ጋሪ ፈረስ የጎበጠ።
አንድ የሴት ድምፅ ብቻ አለው፣ በቴፕ የተቀዳ፤
«ቀጣዩ ጣቢያ…» ብሎ ይንተባተባል እንደ እንግዳ።

ሶልያና ቀረበች። መዳፏን ከብረቱ
አሳረፈች ቀስ አድርጋ፤ ይሞቃል ደረቱ።
«መብረቄ» አለች። ዝም።
«መብረቄ፣ እኔ ነኝ» አለች። ዝም።
በሱ ድምፅ ልመልስ ስል ጉሮሮዬ አልታዘዘኝም።

እሷ ግን አላለቀሰች። ልክ እንደ እናቷ
ከንፈሯ ላይ ቆመ ትንሿ ሌባ ጣቷ፦
«ባባ፣ ይሄ መብረቄ አይደለም፤ አባቱ ነው።
ሌሊት ሲሠራ አድሮ ነው። አታናግረው። ደክሞታል፣ ተወው።»

ተሳፈርን። ልደታ ድረስ ቃል ከአፌ አልወጣ፤
ሐዲዱ ከታች ይንኳኳል፤ ካፊያ ነገር መጣ።
በመስኮቱ ስንጥቅ በኩል፣ ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ፤
የላላ ቦታ ነው። ለሌሊት ብዬ
ምሰሶውን ቆጥሬ ለየሁ።